የማድ ቤቱ ጭስ የጤናም የአየር ንብረትም ጉዳይ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የአየር ንብረት ነገር ሲነሳ ስለ ችግኝ ብዙ ይባላል፤ ማድ ቤቱን የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው ለሞት ዳርጓል። በጎጃም ገጠር እናት ሕፃኗን አዝላ ትጋግራለች፤ ያ ሳንባውን የሚጎዳው ጥቀርሻ አየሩንም ያሞቃል።

«ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ማደል ብቻውን ግን አይበቃም። ከሲሚንቶ የሚሠራው የምድጃው አካል ቢያንስ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ ካልጠነከረ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። ክፍሎቹ የሚጋጠሙበት ስንጥቅና የምጣዱ ዙሪያ በጭቃ ካልተመረገ ሙቀቱ ያመልጣል፣ ጭሱም ፊት ላይ ይመጣል። አፉ ድረስ ማገዶ መጠቅጠቅም እሳቱን አየር ይነሳዋል። ከሁሉ የሚብሰው እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ ተፈልጦ ከክረምት በፊት ጣሪያ ሥር መደርደር አለበት።

አራት ከብትና ቅርብ ውሃ ላለው ገበሬ ባዮጋዝ፣ ማለትም ከእበት የሚመነጭ የማብሰያ ጋዝ፣ ይጨመርለት። እበቱ ከእኩል ውሃ ጋር ተበጥብጦ ወደ ማብላያው ጉድጓድ ይገባል፤ ኩበት ሆኖ ከመንደድ ይተርፋል፣ ዝቃጩም ለጤፍ ማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ለወጥና ለቡና እንጂ ምጣድ ለማጋል አቅም ስለሌለው ምርጥ ምድጃውና ባዮጋዙ ጎን ለጎን ይሂዱ።

የወረዳ ጤናና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በጀት ሲይዙ ለጥገና ይመድቡ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ የምድጃውን ምርጊት ይመልከቱ።