ሶፕራኖዎቻችንን በድምፅ ማጉያ እየጨረስናቸው ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በባህል ዓምዳችሁ በቅርቡ ስለ ኦፔራ፣ ማለትም ታሪኩ በዜማ ስለሚቀርብ የመድረክ ድራማ፣ የወጣችውን አጭር ጽሑፍ ሐዋሳ ሆኜ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኳት። ጸሐፊው ኦፔራ የእኛ እንዳልሆነና የተማረ ጩኸት ብቻ እንደሆነ ጽፈው አልፈዋል። እኔ በዚህች ከተማ 19 ዓመት መዘምራን ያሠለጠንኩ ሴት ነኝ። «የእኛ አይደለም» ማለት ምን እንደሚያስከፍል በዓይኔ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በዓለም መድረኮች ደጋግመው ከሚታዩት ኦፔራዎች አንዱ የጣልያናዊው የሙዚቃ ደራሲ የጁዜፔ ቬርዲ «አይዳ» ነው። ባለታሪኳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ተማርካ በግብፅ ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆናለች፤ የምትወደው ሰው ደግሞ በአባቷ ሠራዊት ላይ የሚዘምተው የጦር አዛዥ ነው። በሦስተኛው ክፍል በሌሊት ዓባይ ዳር ብቻዋን ቆማ ሀገሯን ዳግመኛ ላታይ እንደሆነ ታዜማለች። ኦፔራው መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ውስጥ ሲሆን ያሠራው የግብፁ ገዢ ኢስማኤል ፓሻ ነበር። በመድረኩ ላይ ኢትዮጵያ ትሸነፋለች። ያው ገዢ ከዓመታት በኋላ እውነተኛ ጦር ሲልክ ግን በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት ተመታ። ዜማው የጣልያን ነው፤ ከእኛ ቅኝት የተወሰደበት ነገር የለም። ቢሆንም ከ150 ዓመት በላይ የዓለም ታላላቅ ሶፕራኖዎች፣ ማለትም ከፍተኛውን የሴት ድምፅ የሚያዜሙ ሴቶች፣ ለኢትዮጵያ ሲናፍቁ ኖረዋልና ታሪኩን ቢያንስ ልናውቀው ይገባናል።

ከእነዚህ ሶፕራኖዎች መካከል ለልጆቼ ደጋግሜ የምነግራቸው የሊዮንቲን ፕራይስን ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ላውረል በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ፣ እናቷ አዋላጅና የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበሩ። ትንሽ ልጅ ሳለች ወላጆቿ የቤታቸውን የሸክላ ማጫወቻ ለቅድሚያ ክፍያ ሰጥተው ፒያኖ ገዙላት። ይህን ስናገር ሁልጊዜ ድምፄ ይሰበራል፤ ያቺ ማጫወቻ የድሃ ቤት ብቸኛ መዝናኛ እንደነበረች ይገባኛልና። በጥቁሮች ላይ በር በሚዘጋበት ዘመን ተምራ፣ ቪየና እና ሚላን ድረስ ሄዳ አይዳን አዜመች። በጃንዋሪ 27 ቀን 1961 በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መጀመሪያ በቆመችበት ምሽት ጭብጨባው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ። በዚያን ጊዜ 33 ዓመት አልፏታል። ልብ በሉ፣ 33።

በዚያው ዓመት መጸው የሆነውን ግን ሰዎች አያወሩትም። በአንድ ከባድ ኦፔራ መካከል ድምፅዋ እየከዳት ሄደ፤ ቃሎቹን በንግግር እያሰማች ትዕይንቱን ጨረሰች፤ የመጨረሻውን ክፍል ሌላ ሶፕራኖ ተካችላት። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት አረፈች። ዝናዋ ጣሪያ በነካበት ሰዓት ዝም ማለትን መረጠች ማለት ነው። ፍሬውም ታየ፤ ከኦፔራ መድረክ የተሰናበተችው በጃንዋሪ 1985 አይዳን አዚማ ሲሆን በ57 ዓመቷ ነበር። ከዚያም በኋላ ከአንድ ፒያኖ ተጫዋች ጋር በኮንሰርት አዳራሾች ለዓመታት ዘልቃለች። ኦፔራ ሶፕራኖን ከሙሉ ኦርኬስትራ፣ ከልብሰ ተክህኖ የከበደ አልባሳትና ከረጅም ምሽት ጋር ያታግላታል። በኮንሰርት ግን ዜማውን የምትመርጠው፣ የምታርፍበትንም ቀን የምትወስነው ራሷ ናት። አስተዋይ ዘማሪ ዕድሜዋ ሲገፋ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ትሻገራለች።

ጸሐፊው «ጩኸት» ያሉት ነገርም በደንብ ሊታይ ይገባል። የሜትሮፖሊታን አዳራሽ 3,800 ያህል ሰው ይይዛል። ሶፕራኖዋ ያለ ድምፅ ማጉያ ከመጨረሻው ወንበር ድረስ ልትሰማ ይገባል። ከላይኛው «ዶ» ስትደርስ በጉሮሮዋ ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮቿ በአንድ ሰከንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይገናኛሉ። በዚያ ከፍታ በጉልበት መግፋት አውታሩን ማቁሰል ነው። ስለዚህ አፏን እየከፈተች ትሄዳለች፤ የአፏ ውስጣዊ ክፍተት ከድምፁ ከፍታ ጋር ሲገጥም ድምፁ ያለ ተጨማሪ ጉልበት ይጎላል። «ኢ» እና «ኡ» እዚያ ላይ ወደ «አ» የሚጠጉት፣ ቃሉም ለጆሯችን የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ጩኸት የመሰላቸው ከጩኸት መዳኛው መንገድ ነው። እኛም በመዘምራን ክፍል «ከሆድ አውጡት፣ ከጉሮሮ አትግፉ» እንላለን፤ እንዴት እንደሚወጣ ግን የሚያሳይ አስተማሪ የለንም። ለዓመታት መምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ድጓ የሚማር ልጅ ያለበት ሀገር ዜማ ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አያውቅም ብዬ አላምንም።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። የዛሬ ስድስት ዓመት አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ከአቶቴ ሰፈር በእግሯ እየመጣች ልምምድ ጀመረች። ሌሎቹ ሶፕራኖዎች በሚያቆሙበት ቦታ የእርሷ ድምፅ ገና ይጀምር ነበር፤ ልክ ማለዳ ሐይቁ ዳር ዓሣ አስጋሪዎቹ ሳይገቡ እንደሚሰማው ፀጥታ የጠራ ድምፅ። አሥራ ስድስት ሲሞላት ለሦስት ቀን ጉባኤ መሪ ዘማሪ አደረግናት፤ በቀን ሁለት ጊዜ። ትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች አጠገቧ ቆመው ስለነበር የራሷን ድምፅ መስማት አልቻለችም። ኪቦርድ ተጫዋቹ በየዙሩ ቅኝቱን ከፍ ያደርጋል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ከፊት ቆሜ በእጄ «ጨምሪ፣ ጨምሪ» ያልኳት እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ድምፅዋ ሻከረ። ማርና ዝንጅብል ሰጠናት፤ በሳምንቱ እንደገና አዘመርናት። ከወራት በኋላ ሐኪም በካሜራ ሲያያት በሁለቱም አውታሮች ላይ እባጭ ተገኘ። ዛሬ 19 ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ ከመካከለኛው ከፍታ አያልፍም። ሊዮንቲን ፕራይስ ሜትሮፖሊታን ልትገባ 14 ዓመት በሚቀራት ዕድሜ ላይ እኛ ይህችን ልጅ ጨርሰናታል።

ዋና ገጸ ባሕርይ የምታዜም ሶፕራኖ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ትርኢትና በሌላው መካከል ሁለት ሦስት ቀን እንደምታርፍ ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ጉባኤውን ለሦስት ልጆች እከፍለው ነበር። «የእኛ አይደለም» ብለን የዘጋነው በር ይህን ዕውቀት ነው ያስቀረብን። ስለ ኦፔራ ቤት መሠራት እየጠየቅሁ አይደለም። በየአጥቢያው በየጥቂት ዓመቱ አዳዲስ ድምፅ ማጉያ ይገዛል፤ ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ተቀንሶ አንድ የተቃኘ ፒያኖና አንድ ፀጥ ያለ ክፍል ይዘጋጅ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ፣ ከ270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው፤ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወደዚያ ልትመላለስ አትችልም። የሠለጠነ የድምፅ መምህር ግን በወር ሁለት ቅዳሜ ወደ ሐዋሳ ሊመጣ ይችላል፤ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪውን ሁለት ሦስት መዘምራን ተባብረን ለመሸፈን ተነጋግረናል። ጋዜጣችሁ ፈቃደኛ የሆነ መምህር እንዲያገኘን ይህን ደብዳቤ ቢያትምልን ትልቅ ውለታ ነው።

እስከዚያው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ድምፅ ማጉያውን ዘግተን እንለማመዳለን። ያቺ ልጅም ትመጣለች። አትዘምርም፤ ከትንንሾቹ ፊት ወንበር ስባ ትቀመጥና ታዳምጣቸዋለች። አንዷ ከጉሮሮዋ መግፋት ስትጀምር እጇን ታነሣለች፤ እኛም እናቆማለን።

ከአክብሮት ጋር
የመዘምራን አሠልጣኝ፣ ከሐዋሳ