ጓሮዬን የሚጋሩኝ ወፎች

ውድ እህትዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ልጆችሽ፣ ቤትሽ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ አለፈ። በመካከላችን ቅያሜ እንደሌለ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ኑሮ አንቺን ወደዚያ እኔን ወደዚህ ሲጎትተን ነው ዝምታው የረዘመው። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ነገር ለሌላ ሰው ቢነገር እዚህ ግባ የማይባል ይመስለዋል። አንቺ ግን በልጅነታችን ከአጥር ሥር ተንበርክከን የወፍ ጎጆ ስናይ ትንፋሽሽን ውጠሽ ትቆዪ የነበርሽ ነሽና፣ ከአንቺ የተሻለ የሚሰማኝ የለም።

ጸደይ ገባ፤ ጓሮዬም በወፍ ተሞላ።

ገና ጎህ ሳይቀድ አንዱ ይጀምራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ያፏጫል፣ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፣ ደግሞ ያፏጫል። ከወዲያኛው አጥር ሌላው ይመልስለታል። ሰማዩ መገርጣት ሲጀምር የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። እኔ አልጋዬ ላይ እንደተኛሁ አዳምጣለሁ፤ እንቅልፌን ነጠቁኝ ብዬ አንድ ቀን አማርሬ አላውቅም። በአብዛኛው የሚዘምሩት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴቶቹም የሚዘምሩባቸው ዝርያዎች ግን ጥቂት አይደሉም። በዚያ ሰዓት ያለው ብርሃን ትል ፈልጎ ለመልቀም አይበቃም፤ አየሩ ደግሞ የረጋ ስለሆነ ድምፅ ርቆ ይሄዳል። ስለዚህ ሰዓቱን «ይህ ሥፍራ ተይዟል፤ አጣማሪ የምትፈልግ ካለች እዚህ ነኝ» ለማለት ይጠቀሙበታል። ሌሊቱን በብርድ አድሮ፣ እህል ሳይቀምስ እንዲህ አድርጎ የሚዘምር ወንድ አቅም ያለው ለመሆኑ ምስክር አያሻውም።

ድምፃቸው የሚወጣበት መንገድ ደግሞ ከእኛ የተለየ ነው። የእኛ ከጉሮሮአችን ላይ ነው። የእነርሱ ግን ከታች፣ የአየር ቧንቧው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች በሚከፈልበት ቦታ ላይ ነው። የዚህ አካል ግራና ቀኝ ለየብቻ መሥራት ስለሚችሉ፣ አንዳንድ ወፍ በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያየ ድምፅ ያሰማል። ይህን ከማወቄ በፊት ከቁጥቋጦው ውስጥ ሁለት ወፎች የሚቀባበሉ እየመሰለኝ ስፈልግ አንድ ብቻውን ያለ ወፍ ነበር የማገኘው።

ከሁሉም ይልቅ ልቤን የወሰዱት ግን ዋኔዎቹ ናቸው። ጥንዶቹ ረፋዱ ላይ ከጣራው ጠርዝ ተነሥተው ውሃ ካኖርኩበት ሰፊ የሸክላ ሳህን አጠገብ ያርፋሉ። ወዲያው አይጠጡም። አንዱ አንገቱን አስግጎ ዙሪያውን ይቃኛል፤ ሌላይቱ ሁለት እርምጃ ትራመድና ትቆማለች። ምንም እንደሌለ ሲያረጋግጡ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ይወጣሉ። አጠጣጣቸውን ነው እንድታዪልኝ የምፈልገው። አብዛኞቹ ሌሎች ወፎች ጥቂት ውሃ በመንቁራቸው ይይዙና ራሳቸውን ወደ ላይ ቀና ያደርጋሉ፤ ውሃው የሚወርድላቸው እንዲያ ሲያደርጉ ነው። ዋኔ ግን መንቁሩን ውሃው ውስጥ እንደነከረ፣ አንዴም ቀና ሳይል፣ እስኪረካ ይመጥጣል። የአንገቱ ላባ በየጉንጩ ከፍ ዝቅ ሲል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፀሐይ ከጎን ስታርፍበት ግራጫ ይመስል የነበረው አንገት ወደ ሐምራዊና ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። እኛ የምናየው ደግሞ ከሚያዩት ጥቂቱን ብቻ ነው። የሰው ዓይን ቀለም የሚለየው በሦስት ዓይነት ሕዋሳት ሲሆን የወፎቹ ዓይን አራት ዓይነት አለው፤ ለእኛ የማይታየው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ለእነርሱ ይታያቸዋል። ሁለቱ ዋኔዎች እርስ በርስ ሲተያዩ ምን ዓይነት ቀለም ያዩ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ጎጆአቸውን በረንዳው ላይ በተንጠለጠለው ሐረግ ውስጥ ሠርተዋል። ጎጆ ከተባለ፣ ጥቂት ጭራሮ የተደራረበበት ስስ ነገር ነው፤ ከሥር ሆነሽ ቀና ስትዪ የእንቁላሎቹ ንጣት በክፍተቱ ይታያል። እንቁላሎቹ ሁለት ናቸው። እናትና አባት በየተራ ይታቀፋሉ፤ እርሱ አብዛኛውን ቀን፣ እርሷ ደግሞ ሌሊቱን። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ የሚበሉት ነገር ይበልጥ ያስደንቅሻል። ሁለቱም ወላጆች እህል ከሚያጠራቅሙበት፣ ከአንገታቸው ሥር ካለው ከረጢት ግድግዳ ስብና ፕሮቲን የሞላበት ወፈር ያለ ምግብ ያመነጫሉ። የእርግብ ወተት ይባላል። አባትየውም ያጠባል ማለት ነው! ከዚህ በኋላ እርግብንና ዋኔን የየዋህነት ምልክት ብቻ አድርጎ ማየት አንሶ ይታየኛል።

ጨረባዎቹም መጥተዋል። ከበረንዳው ጣራ ሥር፣ ባለፈው ጸደይ የሠሩትን የጭቃ ጎጆ እየጠገኑ ነው። ጥንድ ጨረባዎች አንድ ጎጆ ከሥሩ ጀምረው ለመጨረስ ጭቃ በአፋቸው ይዘው የሚመላለሱት እስከ አንድ ሺህ ጊዜ ሊደርስ ይችላል። እያንዳንዷ ወፍ የምትመዝነው ደግሞ 20 ግራም አካባቢ ነው። የጥንት ሰዎች ጨረባ በብርድ ወራት የት እንደምትጠፋ ግራ ቢገባቸው በኩሬ ሥር ጭቃ ውስጥ ተኝታ ትከርማለች ብለው ያምኑ ነበር። እውነቱ እያደር ነው የተገለጠው። እ.ኤ.አ. በ1911 እንግሊዝ አገር ውስጥ እግሯ ላይ ቁጥር ያለበት ቀለበት የታሰረላት አንዲት ጨረባ በ1912 መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ውስጥ ተገኘች። አስቢው፤ ባሕርና ሰሃራን አቋርጣ፣ መላውን አፍሪካ ከላይ እስከ ታች ወርዳ! ታዲያ የእኔ በረንዳ ላይ ተመልሳ የምታርፈውን ሳይ፣ ከየት እንደመጣች መናገር ባልችልም፣ በክብር ልቀበላት እንደሚገባ ይሰማኛል። ከጎጆዋ ሥር የሚጠራቀመውን ኩስ ስጠርግ አይከብደኝም። ጎጆውን ካላፈረስሽ ብለው የሚወተውቱኝ እንግዶች አሉ፤ አላፈርስም።

ወደ ድንቢጦቹ ልምጣ። ድንቢጥን ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል? በየጣራው፣ በየመንገዱ የምትገኝ ስለሆነች ዓይናችን ያልፋታል። እኔ ግን በዚህ ጸደይ ከእነርሱ ጋር ነው ብዙ የምቆየው። ከጽጌረዳዬ ሥር ያለውን ደረቅ አፈር የጋራ መታጠቢያ አድርገውታል። አንዷ ጉድጓድ ቢጤ ትምስና ሆዷን አስተኝታ፣ ክንፏን እያርገበገበች አቧራውን በላባዋ መካከል ትነሰንሳለች፤ ሌላዋ ተራዋን ስትጠብቅ ቆይታ ትገፋታለች። በአቧራው የላባቸውን ትርፍ ቅባት ያስወግዳሉ፤ ተባይ ለመከላከልም ሳይረዳቸው አይቀርም። በዚህ የተነሣ ያንን ቁራሽ መሬት ሣር አላለብሰውም።

አንድ ነገር ልብ በይልኝ። ያደገች ድንቢጥ ጥሬ ብትለቅምም፣ ለጫጩቶቿ የምታመጣው በአብዛኛው ነፍሳትን ነው። እንደ እርሷ ያሉ ትናንሽ ወፎች አብዛኞቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በአባጨጓሬ፣ በትልና በሸረሪት ነው። በሰሜን አሜሪካ የምትኖር ቺካዲ የምትባል ትንሽ ወፍ አንድ ጊዜ የፈለፈለቻቸውን ጫጩቶች ለክንፍ ለማብቃት ጥንዶቹ ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ መልቀም አለባቸው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጓሮዬ ውስጥ የነፍሳት መርዝ መርጨት ትቻለሁ። አንዳንድ ቅጠል ይበሳል፤ ይበሳ። የወደቀውንም ቅጠል ሁሉ ጠርጌ አላቃጥልም፤ ከአጥሩ ሥር እንዳለ እተወዋለሁ፤ በማግስቱ ወፎቹ ሲገለባብጡት አያለሁ። በቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 ድንቢጥ እህል ትፈጃለች ተብሎ ዘመቻ ታውጆባት ነበር። ሕዝቡ ድስትና ከበሮ እየደበደበ ማረፊያ ስለነሳት ወፎቹ ከድካም ብዛት ከሰማይ ይወድቁ ነበር። ድንቢጥ ስትጠፋ ሰብል የሚበሉ ነፍሳት በረከቱ፤ በ1960 ድንቢጥን ከጠላቶች ዝርዝር አውጥተው በምትኳ ትኋን አስገቡ። ያን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አንቺም ግቢ እንዳለሽ አውቃለሁና የምመክርሽን ስሚኝ። ከእህል በፊት ውሃ አስቀምጪ። ሳህኑ ገደል መሆን የለበትም፤ ከ2.5 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል፤ መካከሉ ላይ አንድ ሻካራ ድንጋይ አድርጊ። ውሃውን በየቀኑ ቀይሪ፤ ያለዚያ ትንኝ ይራባበታል፣ በሽታም ከወፍ ወደ ወፍ ይተላለፍበታል። ዳቦ አትስጫቸው፤ ሆዳቸውን ይሞላል እንጂ አይገነባቸውም፤ ጨው ያለበት ምግብ ደግሞ ይጎዳቸዋል። የሱፍ ፍሬ ወይም ያልበሰለ ጥሬ ይሻላል፤ መመገቢያውን ማጠብ ግን እንዳትረሺ። ድመት ካለሽ ቢያንስ ጠዋት ጠዋት ቤት አቆያት። ስለ መስኮትም ላንሣልሽ፤ ወፍ መስታወት ላይ የተንጸባረቀውን ዛፍ እውነተኛ ዛፍ መስሏት በሙሉ ኃይሏ ትገባበታለች። የጭልፊት ሥዕል አንድ ቦታ መለጠፍ አያስጥልም። የሚረዳው ከውጭ በኩል በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ነጠብጣብ ማድረግ ነው። እኔ ይህን ካደረግሁ ወዲህ ያ የሚያስደነግጥ የግጭት ድምፅ ከቤቴ ጠፍቷል።

ባለፈው የጎረቤት ልጅ እያለቃቀሰ አንድ ጫጩት በመዳፉ ይዞ መጣ። ላባ አብቅሏል፤ ጅራቱ ግን ገና አጭር ነው። «ከጎጆው ወድቋል፣ እናሳድገው» አለኝ። እንዲህ ያለው ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ አልወደቀም፤ መብረር ሊማር ራሱ ወጥቶ ነው። የሰው እጅ የነካውን ጫጩት እናቱ ትጥለዋለች የሚባለውም እውነት አይደለም። ካገኘበት ቁጥቋጦ ሥር መልሰነው ራቅ ብለን ተቀመጥን። ልጁ እግሩን እያወዛወዘ መጠበቅ አቃተው፤ ቢሆንም ጠበቀ። እናትየው መጀመሪያ ከሽቦው ላይ ጮኸች፤ ከዚያ አረንጓዴ ትል አፏ ላይ አንጠልጥላ ወረደች። ልጁ ክንዴን ጨምቆ ያዘኝ፤ አንድም ቃል አልተናገረም። አሁን በየቀኑ እየመጣ «ዛሬስ ማን መጣ?» ይለኛል።

በሽቦ ቤት የተዘጋ ወፍ ያለበት ሰው ቤት ስገባ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ይጨንቀኛል። እኔ ዘንድ የሚመጡት ሲፈልጉ ይመጣሉ፣ ሲፈልጉ ይሄዳሉ፤ ደስታዬም ከዚያ የሚመነጭ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ሳህኑ ዳር ማንም አይታይም፤ በማግስቱ ደግሞ ስሟን የማላውቃት፣ ደረቷ ቢጫ የሆነች ወፍ ከየት መጣች ሳልላት እየታጠበች አገኛታለሁ። ስም ለማወቅ ከቸገረሽ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ላቦራቶሪ ያዘጋጀው መርሊን የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለ፤ በነፃ ነው፤ ድምፁን ሰምቶ የየትኛው ወፍ ሊሆን እንደሚችል ይነግርሻል። እኔ ግን መጀመሪያ በጆሮዬ፣ ቀጥሎ በዓይኔ፣ በመጨረሻ በስልኩ ነው። ስሙን ቶሎ ያገኘሁት ወፍ ቶሎ ይረሳኛል።

እስቲ አንቺም ጻፊልኝ። ጠዋት መስኮትሽን ስትከፍቺ መጀመሪያ የምትሰሚው የማን ድምፅ ነው? ዛፍሽ ላይ ጎጆ የሠራ አለ? ስሙን ባታውቂው እንኳ መጠኑን፣ የመንቁሩን ቅርጽ፣ ሲያርፍ ጅራቱን እንዴት እንደሚያደርግ ንገሪኝ፤ አብረን እንፈልገዋለን።

ዋኔዎቹ መታቀፍ የጀመሩት በዚህ ሳምንት ነው። እንቁላሉ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ጫጩቶቹም ለመብረር ሌላ ሁለት ሳምንት ያህል ነው የሚቆዩት። ስለዚህ ወሩ ከማለቁ በፊት ከመጣሽ ትደርሺባቸዋለሽ። የእንግዳ ክፍሉ መስኮት በሐረጉ በኩል ነው፤ መጋረጃውን ገለጥ ብታደርጊ ጎጆው ፊት ለፊትሽ ነው። የምትመጪበትን ቀን ብቻ አስታውቂኝ።

ልጆችሽን ሳሚልኝ።

ሁልጊዜም የምትናፍቅሽ እህትሽ