ጉዳዩ፦ ሰኞ ዕለት ዝግ ወደሆነ ጋርደን ስለመወሰዳችን

ለጉዞ አዘጋጁ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ለንደን

ጤና ይስጥልኝ።

ሰኞ ጁን 23 ቀን 2025 ማኅበራችን በድርጅትዎ አማካይነት ወደ ኬንትና ምሥራቅ ሰሴክስ ስላደረገው የአንድ ቀን ጉዞ ነው የምጽፍልዎት። በስልክ አቤት ብለን ነበር። የተሰጠን መልስ ከጉዞው የባሰ ስለሆነብን በጽሑፍ አድርገነዋል።

በነፍስ ወከፍ 65 ፓውንድ ከፍለናል። የተባልነውም ሁለት ጋርደን፣ ጠዋት ሲሲንግኸርስት፣ ከምሳ በኋላ ግሬት ዲክስተር፣ መሃል ላይ የጾም ምሳ ነው። መጀመሪያ የተያዘው ቀን እሑድ ነበር። «ሰኞ አውቶቡስ ይረክሳል» ብላችሁ ያዛወራችሁት እናንተው ናችሁ። ሰዉም ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ተስማማ።

ግሬት ዲክስተር ግን ሰኞ ዝግ ነው። የባንክ በዓል (አገር አቀፍ የሥራ መዝጊያ ቀን) ካልሆነ በቀር የሚከፈተው ከማክሰኞ እስከ እሑድ ነው። ይህን ለማወቅ ዌብሳይታቸውን ከፍቶ ማየት ይበቃ ነበር። አውቶቡሱ በዚያ ጠባብ የገጠር መንገድ ቅርንጫፍ ጎኑን እየገረፈው ደረሰ። ሹፌሩ ወርዶ የተለጠፈውን አነበበና ወደ እኛ ዞሮ ትከሻውን ሰበቀ። አስጎብኛችሁ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወዲያ ወዲህ ይላል። እናቶቻችን ወርደው ከተዘጋው በር ጋር ፎቶ ተነሱ። ሌላ ምን ያድርጉ?

እንግዲያው ወደ ሲሲንግኸርስት መልሱን አልን። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። ጠዋት አውቶቡሱ ዘግይቶ ስለመጣ እዚያ የቆየነው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ነጩ ጋርደን የሚባለው ክፍል ውስጥ ገብተን ገና ቁጭ ሳንል «ቶሎ ቶሎ!» ተባልን። በዱላ የሚሄዱ እናት እኮ አንዱን አጥር አልፈው ሌላው ጋ እስኪደርሱ ጊዜ ይፈልጋሉ። አስጎብኛችሁ ግን «ፕሮግራም ውስጥ የለም» ብሎ ልብስ በቅናሽ የሚሸጥበት የገበያ ማዕከል ወሰደን። እሱስ ፕሮግራም ውስጥ ነበረ? ቀሪው ቀን እዚያ መኪና ማቆሚያ ላይ አለቀ።

ስልክ ያነሳችው ሠራተኛችሁ ደግሞ «ያው ጋርደን ጋርደን ነው፤ አንዱን ካያችሁ ሌላውን እንዳያችሁት ቁጠሩት» አለችን። ይህን ዝም ብዬ አላልፈውም። ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። ሲሲንግኸርስትን ደራሲዋ ቪታ ሳክቪል-ዌስትና ባለቤቷ ሃሮልድ ኒኮልሰን በ1930 ገዝተው እንደ ቤት ክፍል ክፍል አድርገው በግንብና በአጥር ከፋፈሉት። የሚታወቀውም በጽጌረዳው ነው። ጁንን የመረጥነው ለዚሁ ነበር። ግሬት ዲክስተርን ያሳመረው ክሪስቶፈር ሎይድ በተቃራኒው የቤተሰቡን የድሮ ጽጌረዳ ነቅሎ ጥሎ በቦታው ሙዝና ካና የሚባለውን የሞቃት አገር አበባ የተከለ ሰው ነው። እንግሊዝ አገር፣ ሙዝ! ጉራጌ አገር እንሰት ጓሮ ውስጥ ያደጉ አንዲት እናታችን «እስቲ እነዚህ እንዴት እንደሚያሳድጉት ልየው» ብለው የተመዘገቡት ይህን ሰምተው ነው። ለእሳቸው «ጽጌረዳውን አይተሻል፣ ይበቃሻል» ይባላል?

ምሳውን በአጭሩ ልናገር። የሰኔ ጾም ላይ እንደነበርን ሐበሻ ለሆነ ድርጅት ማስረዳት አልነበረብንም፤ ቢሆንም በጽሑፍ አሳውቀናል። የታደለን ሳንድዊች ግን እንቁላል በማዮኔዝና ዶሮ ነበር። አብዛኛው ሰው በቺፕስና በውኃ ዋለ። ይዘውት የመጡትን ቆሎ ያካፈሉን እናቶች ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?

በ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት አገልግሎት በተገቢው ጥንቃቄና ሙያ መሰጠት አለበት። ስለ አገልግሎቱ የነገራችሁንና አምነን የከፈልንበት ነገርም የውሉ አካል ነው። ያ ሳይሆን ሲቀር፣ ሥራውን ደግሞ መሥራት ካልተቻለ፣ የዋጋ ቅናሽ የመጠየቅ መብት አለን። ሌላ ቀን እንውሰዳችሁ ብትሉም ሰው ሁለተኛ ፈቃድ አያገኝም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተጓዥ 35 ፓውንድ እንዲመለስ እንጠይቃለን። ሙሉውን ያልጠየቅነው ሲሲንግኸርስትን በሩጫም ቢሆን ስላየን፣ ሹፌሩም በሰላም ስለመለሰን ነው። ገንዘቡ ለማኅበሩ ሳይሆን በከፈለው ሰው ስም በየካርዱ ይግባ። የተጓዦቹን ዝርዝር፣ ደረሰኞቹን፣ ቀኑን ያዛወራችሁበትን መልእክትና ስለ ጾሙ የጻፍንላችሁን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። መልስ ካላገኘን ለአነስተኛ ገንዘብ ክርክሮች ችሎት እናመለክታለን። እዚያ ሳንደርስ ብንጨርሰው ለሁላችንም ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የማኅበሩ የጉዞ አስተባባሪ፣ ስለ ተጓዦቹ