ልጄን «እምነት የለሽም» ላስባለው ጥያቄ፦ ለከተማችን የትምህርት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ አደባባይ ያወጣሁት ሌላ በር ስላጣሁ ነው። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ተመላልሻለሁ። አንዴ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። አንዴ ማመልከቻዬ «ለሚመለከተው ተመርቷል» ተባልኩ። በሦስተኛው ራስዎ «የእምነት ነገር ስለሆነ ባንነካካው ይሻላል» አሉኝ። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ልጄ ነበር።

ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የባዮሎጂ መምህሯ ዝግመተ ለውጥ የሚለው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን አስዘጉና ከአንድ ሰባኪ ያገኙትን ወረቀት አነበቡላቸው። ምድር ስድስት ሺህ ዓመቷ ነው ይላል። የዝግመተ ለውጥን ሐሳብ የጻፈው ዳርዊን ሊሞት ሲል ተጸጽቶ የጻፈውን ካደ ይላል። የጥንት ሰው አጽም የሚባለው ሁሉ የፈጠራ ሥራ ነው ይላል። ልጄ እጇን አውጥታ «ድንቅነሽስ?» አለች። መምህሩ በክፍሉ ሁሉ ፊት «አንቺ እምነት የለሽም፣ ቁጭ በይ» አሏት።

ይህች ልጅ ጾም ገድፋ አታውቅም። እሁድ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ከእናቷ ጋር ቅዳሴ ትሄዳለች። ያን ቀን ምሳ ሳትበላ ተኛች። ማታ «አባዬ፣ መጠየቅ ኃጢአት ነው እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ጥያቄዋ እኮ የራሳችን ነው። ድንቅነሽ የተገኘችው በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ነው። ሐዳር ያኔ በወሎ ሥር ነበር፤ የወሎ ዋና ከተማ ደግሞ ይህችው ደሴ ነበረች። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ የተገኘላት ናት። ደሴ ላይ ስለ እሷ መጠየቅ ካስቀጣ የት ሊጠየቅ ነው?

ወረቀቱን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ዳርዊን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። የንስሐው ወሬ ታትሞ የወጣው በ1915፣ ከ33 ዓመት በኋላ ነው። አልጋው አጠገብ የነበረችው ልጁ ሐሰት ነው ብላለች። ፒልትዳውን የሚባል፣ የጥንት ሰው ነው ተብሎ የቀረበ የሐሰት የራስ ቅል መኖሩ እውነት ነው፤ እንግሊዝ አገር በ1912 ተጭበርብሮበታል። በ1953 ያጋለጡት ግን ሳይንቲስቶች ራሳቸው ናቸው። በአንድ አጭበርባሪ የተነሳ ድንቅነሽ ሐሰት አትሆንም።

ስድስት ሺህ የሚለው ቁጥር ደግሞ የእኛም አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረ አንድ የአየርላንድ ጳጳስ ያሰላው ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቆጠራ፣ ባሕረ ሐሳባችን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዓመት ይቆጥራል፤ ዛሬ ከ7500 አልፏል። መምህሩ የየትኛውን ክርስትና ቁጥር ነው የሚያስተምሩት? ከልጄ ጎን የምትቀመጠው ሙስሊም ጓደኛዋስ ያን ወረቀት ለምን ትሰማለች? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ያለው ለዚህ ነው። አንቀጹን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል።

መምህሩ በቤታቸውም በጸሎት ቦታቸውም ያሻቸውን ይመኑ፤ መብታቸው ነው። ዝግመተ ለውጥን የማይቀበሉ ብዙ ደግ ሰዎች አውቃለሁ። ተቀብለውት ፈጣሪያቸውን የሚያመልኩም አሉ። በዚህ ሳይንስ ትልቅ ስም ያለው ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ ኦርቶዶክስ አማኝ ነበር። ልጄም ብትሆን አልካደችም። የጠየቀችው ከመማሪያ መጽሐፏ ነው።

አሁን ማትሪክ እየደረሰ ነው። ምዕራፉ እስከ ዛሬ አልተሰጠም፤ «ራሳችሁ አንብቡት» ተብለዋል። ከፈተናው በፊት በሌላ መምህርም ቢሆን ይሰጣቸው። መምህሩም የተናገሯትን በዚያው ክፍል፣ በእነዚያው ልጆች ፊት ያንሱላት። ቢሮ ጠርተው በር ዘግተው የሚሏትን ይቅርታ አልቀበልም።

ልጄ ድሮ ፊት ወንበር ላይ ነበር የምትቀመጠው። አሁን መጨረሻው ረድፍ ሄዳለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ አባት
ደሴ