ለልጄ፦ ስለ ቀይ ባሕር ጦርነትና ምጽዋ ላይ ስለ ተቆለፈባቸው መርከቦች

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔም እናትህም ታናናሾችህም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤህ ደርሶኛል። መርከባችሁ ከስዊዝ ወደ ኤደን ስትወርድ በካርታው ላይ የዳህላክንና የሃርሚልን ደሴቶች ስም አይተህ፣ «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በዚህ ባሕር ላይ ምን ተደርጎ ነበር? በትምህርት ቤት ስለ ከረንና ስለ አምባላጌ ተምረናል፤ ስለ ባሕሩ ግን ማንም ነግሮን አያውቅም» ብለህ ጠይቀኸኛል። ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ጥያቄ ከገዛ ልጄ መስማቴ ደስ ብሎኛል። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምሬ ልጻፍልህ። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ ከሰኔ 1932 እስከ ሚያዝያ 1933 የምለው በፈረንጆቹ መጻሕፍት ከጁን 1940 እስከ ሜይ 1941 ተብሎ የምታገኘው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዓለም ጦርነቱ በፊት ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲወረን ወታደሩ፣ መድፉ፣ የጭነት መኪናው፣ በሰውና በከብት ላይ የተረጨው የመርዝ ጋዝ ሳይቀር ከኢጣልያ ወደቦች ተጭኖ፣ በስዊዝ ቦይ አልፎ፣ አብዛኛው ምጽዋ የቀረውም መቃድሾ የተራገፈ ነው። ሌላ የሚያዋጣ መንገድ አልነበረውም። በቦዩ ላይ ሥልጣን የነበራቸው እንግሊዝና ፈረንሳይ በሩን ቢዘጉት ኖሮ ያ ጦር ተራራችን ሥር ባልደረሰም ነበር። እነሱ ግን ቁስጥንጥንያ ላይ በ1888 እ.ኤ.አ. የተፈረመውን ውል ጠቀሱ፤ ውሉ ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ጊዜ ለማንኛውም አገር መርከብ ክፍት ይሁን ይላል። የቦዩ ኩባንያም ከየመርከቡ የመተላለፊያውን ገንዘብ እየተቀበለ አሳለፋቸው። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ያው ውል በወረቀት ላይ እንዳለ ነበር፤ የጣልያን መርከብ ግን ከዚያ በኋላ በቦዩ አላለፈም። ይህን ስጽፍልህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሩ ሊዘጋ ይችል እንደ ነበር ያወቅነው፣ የተደፈረው የራሳቸው ጥቅም ሲሆን በአንድ ቀን ሲዘጋ አይተን ነው። በመካከሉ ግን አራት ዓመት አልፏል፤ በእነዚያ አራት ዓመታት አገሬው በየጫካው ያለቀውን ሕዝብ አስብ።

በሩ ሲዘጋ ምጽዋ ውስጥ የነበረው የጣልያን የባሕር ኃይል ከእናት አገሩ ተቆርጦ ቀረ። ሰባት ዲስትሮየሮች (ፈጣን የጦር መርከቦች)፣ ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች፣ ቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) የሚተኩሱ ጥቂት ፈጣን ጀልባዎችና ረዳት መርከቦች ነበሩት። በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያስፈራ ኃይል ነው፤ የተቀመጠበትም ቦታ ከዚያ የተሻለ አይገኝም ነበር። ምክንያቱም ጣልያን ወደ ጦርነቱ ስትገባ ሜዲትራንያን ለእንግሊዝ የጭነት መርከቦች አደገኛ ሆነና፣ ግብፅ ላለው ሠራዊት የሚላከው ሁሉ አፍሪካን በደቡብ ጫፏ ዞሮ፣ ወይም ከህንድ፣ ከአውስትራሊያና ከኒው ዚላንድ ተነሥቶ፣ በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር በኩል ወደ ስዊዝ መውጣት ነበረበት። በዚያ መንገድ ዳር ምጽዋ ተቀምጣለች። የጣልያን መርከቦች እነዚህን የጭነት መርከቦች በጊዜው አቁመዋቸው ቢሆን ኖሮ የግብፅም የእኛም ጉዳይ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ሆኖም የምጽዋ የነዳጅ ማጠራቀሚያ አንዴ ከጎደለ የሚሞላው አልነበረም። አንድ ዲስትሮየር ለአንድ ሌሊት ቅኝት ወጥታ ስትመለስ ያቃጠለችው ነዳጅ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ የማይተካ ነበር። መለዋወጫውም፣ ቶርፔዶውም፣ የሠለጠነው ሰውም እንዲሁ። አንተ የሞተር ክፍል ሰው ስለሆንክ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ትረዳዋለህ።

አሁን የምነግርህን በተለይ ልብ ብለህ አንብበው፤ ከሙያህ ጋር ይገናኛል። ሰርጓጅ መርከቦቹ በሰኔ ሙቀት፣ በዓለም እጅግ ሞቃት ከሆኑት ባሕሮች በአንዱ፣ ከውኃው በታች ውለው ማደር ነበረባቸውና የአየር ማቀዝቀዣ ነበራቸው። በማቀዝቀዣው ቧንቧዎች ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ሜቲል ክሎራይድ ይባላል። ቀለም የለውም፤ ሽታውም እምብዛም አይታወቅም። ከቧንቧው ሲያፈተልክ መርከበኛው መመረዙን ሳያውቅ ይተነፍሰዋል፤ ከዚያ ያዞረዋል፣ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይቃዣል። ማካሌ የተባለችው ሰርጓጅ (ስሟን የወሰደችው ከእኛው መቀሌ ነው) ጦርነቱ በታወጀበት ዕለት ከምጽዋ ወጥታ ከጥቂት ቀን በኋላ ሠራተኞቿ በዚህ ጋዝ ተመረዙ። መንገዱን የሚመሩት ሰዎች አእምሯቸው ደክሞ፣ ሰኔ 8 ቀን ከፖርት ሱዳን ማዶ ካለች አንዲት ትንሽ ደሴት ሪፍ (ከውኃው ሥር ያለ ዐለት) ላይ ወጡ፤ መርከቧም ከሪፉ ተንሸራትታ ሰጠመች። ጥላ በሌለበት አሸዋ ላይ ከነበሽተኞቻቸው የቀሩት መርከበኞች የዳኑት፣ ከመካከላቸው ጥቂቶች በትንሽ ጀልባ ወደ ኤርትራ ጠረፍ ሄደው ስለ ተናገሩና ጉልየልሞቲ የተባለችው ሌላ ሰርጓጅ መጥታ ስላነሣቻቸው ነው። አርኪሜዴም ሠራተኞቿ በዚሁ ጋዝ ተመርዘውባት፣ የሞቱትም ሞተውባት ሳትዋጋ ተመለሰች። የጠላት ጥይት ገና ሳይነካቸው የገዛ ማሽናቸው ጣላቸው። በመርከባችሁ የማቀዝቀዣ ክፍል ስትገባ የጋዝ መለኪያውን ሳታይ እንዳትገባ የምለምንህ ይህን ስለማውቅ ነው።

ጋሊሌዮ ጋሊሌይ የተባለችው ሰርጓጅ ግን ተዋግታለች። መጀመሪያ ኤደን አጠገብ ጄምስ ስቶቭ የተባለችውን የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ አሰጠመች። ሰኔ 12 ቀን ደግሞ ሙንስቶን የተባለች፣ ከዓሣ ማስገሪያ መርከብ ብዙም የማትለይ ትንሽ የእንግሊዝ መርከብ አገኘቻትና የውኃ ውስጥ ቦምብ ጣለችባት። የሰርጓጇ አዛዥ ሙንስቶን አንድ መድፍ ብቻ እንዳላት ሲያይ፣ ወደ ላይ ወጥቼ በሁለቱ መድፎቼ እጨርሳታለሁ ብሎ ወጣ። የሙንስቶን ተኳሾች ግን ቀደሙት፤ አዛዡና በማማው ላይ የነበሩት መኮንኖች ተገደሉ፣ መርከቧም እጇን ሰጠችና ተጎትታ ኤደን ገባች። እንግሊዞች በውስጧ ያገኟቸው የምስጢር ሰነዶች ከመርከቧ ይልቅ ዋጋ ነበራቸው። በዚያው ሳምንት ቶሪቼሊ ፔሪም ደሴት አጠገብ፣ ጋልቫኒ ደግሞ በኦማን ባሕረ ሰላጤ ሰጠሙ። ቶሪቼሊ ብቻዋን ሦስት ዲስትሮየሮችንና አንዲት አነስተኛ የጦር መርከብ ገጥማ ነው የወደቀችው። ከሦስቱ አንዷ ካርቱም ትባል ነበር፤ ከውጊያው በኋላ የራሷ የቶርፔዶ የታመቀ አየር መያዣ ፈንድቶ እሳት ተነሣባትና እሷም እዚያው ጠፋች። እንግዲህ ጦርነቱ ሁለት ሳምንት ገና ሲሆነው ከስምንቱ ሰርጓጆች አራቱ አልነበሩም።

ዲስትሮየሮቹ በቀሩት ወራት ሌሊት ሌሊት እየወጡ የታጀቡትን የጭነት መርከቦች ፈለጉ፤ ብዙ ጊዜም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከሁሉ የሚታወቀው ጥቅምት 10 ለ11 አጥቢያ 1933 ዓ.ም. የሆነው ነው። 32 የንግድ መርከቦች በኒው ዚላንዷ ክሩዘር (ከዲስትሮየር የሚበልጥ የጦር መርከብ) ሊያንደርና በሌሎች ታጅበው ወደ ሰሜን ሲሄዱ አራት የጣልያን ዲስትሮየሮች በጨለማ መጡባቸው። አጃቢዎቹ አባረሯቸው። ፍራንቼስኮ ኑሎ መሪዋ ተበላሽቶ ከጓደኞቿ ተለየች፤ ኪምበርሊ የተባለችው የእንግሊዝ ዲስትሮየር እስከ ሃርሚል ደሴት ተከትላ መታቻት። በደሴቷ ላይ የነበረው የጣልያን መድፍ ኪምበርሊን መልሶ መቷት ስለነበር ሊያንደር ጎትታ አወጣቻት። የኑሎ አዛዥ ኮስታንቲኖ ቦርሲኒ ከመርከቡ አልወርድም ብሎ ቀረ፤ ወደ ጀልባ ወርዶ የነበረው አገልጋዩ ቪንቼንሶ ቻቮሎም አዛዡ አለመምጣቱን ባየ ጊዜ ተመልሶ አብሮት ሞተ። አገራችንን በግፍ የያዘ ሠራዊት ሰዎች ናቸው፤ ቢሆንም የሆነውን እንደሆነው መጻፍ ስላለብኝ ጻፍኩልህ።

አሁን ባሕሩ ከየብሱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደረስን። በከረን ተራሮች ሥር ከጣልያን ጋር የተናነቁት አራተኛውና አምስተኛው የህንድ ክፍለ ጦሮች እንደሆኑ ታውቃለህ። አምስተኛው ክፍለ ጦር በባሕር መጥቶ ፖርት ሱዳን ላይ የወረደ ነው። የምጽዋ መርከቦች ያን ጉዞ ሊያግዱት አልቻሉም። በምድር ላይ ደግሞ አርበኞቻችን አምስት ዓመት ሙሉ መንገዱን እየቆረጡ፣ ምሽጉን እየከበቡ፣ የጣልያን ወታደር በየጎጆው በር ላይ ዘብ እንዲቆም አድርገውት ነበር። ከውጭ ጥይትና ጎማ አይገባለትም፤ በውስጥ ያለውንም በሰላም ማጓጓዝ አይችልም። ስለ ድላችን የሚጽፉ የውጭ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የባሕሩን መዘጋት ብቻ፣ የእኛዎቹ ደግሞ የአርበኞቹን ትግል ብቻ ያነሣሉ። እኔ እንደማየው አንዱ ያለ ሌላው በዚያ ፍጥነት ባልሆነም ነበር፤ ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የደረሱት በሁለቱ ምክንያት ነው።

ከረን መጋቢት 18 ቀን ስትወድቅ የምጽዋ ዕጣ ተቆረጠ። አራቱ የቀሩት ሰርጓጆች አስቀድመው ወጥተው፣ አፍሪካን በሙሉ ዞረው፣ በመንገዳቸው ከጀርመን መርከቦች ነዳጅ እየቀዱ፣ ከሁለት ወር በላይ ተጉዘው ፈረንሳይ አገር ቦርዶ ገብተዋል፤ የመርከበኛነቱን ሙያ ለሚያውቅ ይህ የሚደነቅ ጉዞ ነው። ዲስትሮየሮቹ ግን ያን ያህል የሚያስኬድ ነዳጅ የመያዝ አቅም ስለሌላቸው፣ ተመልሰው ላይመጡ እንዲወጡ ታዘዙ። ስዊዝን ለመምታት ከወጡት ሦስት አንዷ ሊዮኔ፣ በካርታ ላይ ካልተመለከተ ዐለት ጋር ተጋጭታ ጠፋች። መጋቢት 25 ቀን አምስቱ ወደ ፖርት ሱዳን ሲገሠግሡ፣ ኢግል ከተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወርደው በፖርት ሱዳን ሜዳ ላይ የሰፈሩ፣ ክንፋቸው በሸራ የተለበጠ ስዎርድፊሽ አውሮፕላኖች ደረሱባቸው። ሳውሮና ማኒን ተመትተው ሰጠሙ፤ ባቲስቲ፣ ቲግሬና ፓንቴራ በዓረብ ጠረፍ ላይ በገዛ ሰዎቻቸው እጅ ጠፉ። በመጨረሻዋ ሰዓት አንዲት የቶርፔዶ ጀልባ ኬፕታውን የተባለችውን የእንግሊዝ ክሩዘር መታ ማቁሰሏ ብቻ ቀረ። መጋቢት 30 ቀን አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ ምጽዋን አስረከበ። ከሦስት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ከጦርነት ቀጠና ወጥተዋል ብለው አስታወቁ፤ በዚህም ገና ከጦርነቱ ውጭ የነበረችው የአሜሪካ የጭነት መርከቦች እስከ ስዊዝ ድረስ ዕቃ ማድረስ ቻሉ።

ቦኔቲ ከማስረከቡ በፊት የጭነት መርከቦቹን በወደቡ አፍ ላይ በተራ አሰልፎ አሰጥሟቸው ነበር፤ ትልቁንም ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ዶክ በየክፍሉ ቦምብ አጥምዶ ወደ ባሕሩ ወለል አውርዶታል። እንግሊዞች ዶኩ ተመልሶ አይነሣም ብለው ተዉት። በቀጣዩ ዓመት ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መሐንዲስ መጣ። ኤርትራውያን ሠራተኞችን፣ ምርኮኛ ጣልያኖችንና ጥቂት አሜሪካውያን ጠላቂዎችን ይዞ፣ የክፍሎቹን ክፍት ቦታ ደፍኖ፣ ከየቦታው የሰበሰባቸውን ኮምፕሬሰሮች (አየር የሚያምቁ ማሽኖች) ገጥሞ አየር ነፋበት። ያ ሁሉ ብረት በጥቂት ቀናት ውስጥ ብድግ ብሎ ተንሳፈፈ፤ በኋላም ለእንግሊዝ የጦርና የጭነት መርከቦች መጠገኛ ሆነ። ሊበንፌልስ የተባለችውን የጀርመን የጭነት መርከብም እንዲሁ ከወደቡ አፍ አንሥቷታል። አየሩን በየክፍሉ በምን ቅደም ተከተል እንደ ነፋና ዶኩ ወደ አንድ ጎን እንዳይጋደል እንዴት እንደ ጠበቀው ለእኔ ከሙያዬ ውጭ ነው፤ ጊዜ ስታገኝ አንተ አስበህበት ጻፍልኝ።

እናትህ ሰላምታዋን ታቀርባለች። እግዚአብሔር በሄድክበት ይጠብቅህ።

አባትህ