የጣራው መብራት ይሸፈን እንጂ አይነቀል

ለተከበራችሁ የቨርጂኒያ ጠቅላላ ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ አባላት፣

የምጽፍላችሁ ከፌርፋክስ ካውንቲ ነው። የእንግሊዝኛውን ቅጂ በፖስታ ልኬላችኋለሁ። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት እዚሁ አሌክሳንድሪያና ስፕሪንግፊልድ ያሉ ወገኖቼም ጉዳዩን እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው።

የምሠራው አምቡላንስ ላይ ነው። ቤቴ ደግሞ የራሴ አሮጌ አምቡላንስ አለኝ፤ የ1972 ሞዴል ካዲላክ። ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ ጣራው ላይ ቀይ መብራት አለው። ያጠራቀምኩትን ገንዘብና የእረፍት ቀኖቼን በሙሉ ያፈሰስኩበት መኪና ነው።

ስለ መኪናው ትንሽ ላውራ። ዛሬ አምቡላንስ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ሳጥን የመሰለው ትልቅ መኪና ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1966 የወጣው የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ሪፖርት እንደሚለው፣ በአሜሪካ ግማሽ ያህሉን የአምቡላንስ አገልግሎት የሚሰጡት ቀብር አስፈጻሚዎች ነበሩ። ሰው አስተኝቶ የሚወስድ መኪና የነበራቸው እነሱ ናቸዋ! አንዳንዱ መኪና ጠዋት በሽተኛ አድርሶ ከሰዓት አስከሬን ይሸኝ ነበር። የእኔን ካዲላክ ከኋላ ገብታችሁ ብታዩት ጣራው ዝቅ ያለ ነው። ቀና ብሎ በሽተኛ መርዳት አይቻልም። የእኔ ሙያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1967 ፒትስበርግ ውስጥ የተመሠረተው ፍሪደም ሃውስ የሚባል የአምቡላንስ አገልግሎት ሂል ዲስትሪክት የሚባለውን ሰፈር ጥቁር ወጣቶች አሠልጥኖ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ፓራሜዲኮች፣ ማለትም አምቡላንስ ላይ ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎች፣ መካከል አደረጋቸው። 1970ዎቹ ሲያልቁ የካዲላክ አምቡላንስ መሥራት ቀረ። ለልጆች ይህን ሁሉ የማስረዳው መኪናውን እያሳየሁ ነው። መብራቱ ከሌለ ግን የሚያዩት አንድ የቀብር መኪና ነው።

የቨርጂኒያ የአንቲክ ታርጋ፣ ማለትም ለአሮጌ መኪና የሚሰጥ ልዩ ታርጋ፣ ሕግ ጥሩ ሕግ ነው። መኪናው 25 ዓመት ከሞላው ለሰልፍ፣ ለኤግዚቢሽን፣ ለጥገና፣ አልፎ አልፎም ለሽርሽር ከቤት እስከ 250 ማይል ድረስ መንዳት ይፈቅዳል። በዚህ ቅሬታ የለኝም። የቸገረኝ መብራቱና ሳይረኑ ነው። ምን ላድርጋቸው ብዬ ሦስት ቦታ ጠየቅኩ። አንዱ «ካላበራኸው ችግር የለውም» አለኝ። ሌላው «ሸፍነው» አለኝ። ሦስተኛው «ነቅለህ ጣለው» አለኝ። አንድ እሑድ ከኤግዚቢሽን ስመለስ ፖሊስ አስቆመኝ። መብራቱ ጠፍቷል፣ የሳይረኑም ሽቦ ተለያይቷል። ያም ሆኖ ልጄን ይዤ 40 ደቂቃ ያህል መንገድ ዳር ቆምኩ። ፖሊሱን አልወቅስም። እሱም እንደ እኔ ግራ ገብቶት ነበር።

ድልድዩን ተሻግሬ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ስገባ ደግሞ ሌላ ሕግ ነው። የመብራቱ ቀለም ትርጉም እንኳ ከስቴት ስቴት ይለያያል። እዚህ ሰማያዊ የፖሊስ ነው፤ ኒውዮርክ ውስጥ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በግል መኪናቸው ላይ ይጠቀሙበታል።

ስጋታችሁ ይገባኛል። ፖሊስ መስሎ ሰው የሚያስቆም ወንጀለኛ አለ። ሳይረን በየሜዳው ከጮኸ ደግሞ ሰው መንገድ መልቀቅ ይተዋል። ያን ጊዜ ከኋላ የተኛው በሽተኛ ይጎዳል፤ ይህን በየቀኑ በሥራዬ አያለሁ። ስለዚህ መንገድ ላይ መብራት የሚያበራ ወይም ሳይረን የሚያስጮህ ባለ አሮጌ መኪና ይቀጣ። ታርጋውም ይወሰድ፤ እኔም ብሆን።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አንቲክ ታርጋ ያለው የቀድሞ አምቡላንስ፣ የእሳት አደጋ ወይም የፖሊስ መኪና ከፋብሪካ የወጣበትን መብራትና ሳይረን ይዞ መቆየት እንደሚችል በታርጋው ሕግ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። መንገድ ላይ መብራቱ ይሸፈን፣ ሳይረኑም ከባትሪው ይለያይ። በተፈቀደ ሰልፍና ኤግዚቢሽን ላይ ሽፋኑ ይነሳ። ከሌላ ስቴት የሚመጣም እንግዳ ይህንኑ ካሟላ አይያዝ። መብራቱ አንዴ ከተነቀለ ቀዳዳው ይቀራል፤ በዚያ ውሃ ይገባል፣ ጣራውም ይዝጋል። የዚያን ዘመን መለዋወጫ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

በጃንዋሪ ሪችመንድ ስትሰበሰቡ መኪናውን ይዤ ልምጣ። ከቤቴ 100 ማይል ገደማ ነው። መብራቱን ሸፍኜ እመጣለሁ፤ እዚያ ስደርስ ሽፋኑን አንስቼ አሳያችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፌርፋክስ ካውንቲ ነዋሪ