ከንቲባ ፌንቲን በሜትሩ ብቻ አንመዝናቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

የዋሽንግተን ዲሲው ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ ለሁለተኛ የሥራ ዘመን ለመመረጥ የሚወዳደሩበት የዴሞክራቲክ ፓርቲ የውስጥ ምርጫ፣ ማለትም ፕራይመሪው፣ የሚካሄደው ማክሰኞ መስከረም 4 ቀን 2003 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 14 ቀን 2010) ነው። እንቁጣጣሽን ባከበርን በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። በዚህች ከተማ አብዛኛው መራጭ በዴሞክራትነት የተመዘገበ ስለሆነ ፕራይመሪውን ያሸነፈ ሰው ከንቲባነቱን አገኘ ማለት ነው፤ የኖቬምበሩን አጠቃላይ ምርጫ እንጠብቅ የሚል ወገን ካለ ያን ጊዜ የሚወሰን ነገር አይተርፈውም።

እኔ በከተማዋ ታክሲ የምነዳ፣ እዚሁ የምኖርና ዜግነት ካገኘሁ ወዲህም ድምፅ የምሰጥ ሰው ነኝ። ናሽናል ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ሰሞኑን የምናወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ሆኗል፤ የታክሲ ሒሳብ የሚቆጥረውን መሣሪያ ማለትም «ሜትሩን ያመጣብን እሱ ነው፣ እንጣለው» ይባላል። እንደ ብዙዎቹ ወንድሞቼ ማሰቡ ለእኔም ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ሥራ በጠፋበት ዘመን ድጋሚ ምረጡኝ የሚል ከንቲባ የሚመዘንበት ሚዛን ከዚህ ሰፋ ማለት እንዳለበት ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የዞን ሒሳብ፣ ማለትም ከተማዋ በክልል ተከፋፍላ በተሻገርነው ክልል ብዛት የሚከፈለው ታሪፍ፣ በ2008 በሜትር ሲተካ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከተቃወሙት አንዱ ነበርኩ፤ በኦክቶበር 2007 መጨረሻ ሾፌሮች ሥራ ባቆሙበት ዕለትም መኪናዬን በሬ ላይ አቁሜ ውያለሁ። ዛሬ ግን ሜትሩ ይነሣልን ብዬ አልጠይቅም። በዞኑ ጊዜ ከፊት ወንበር ጀርባ ተለጥፎ የነበረውን ካርታ እንግዳ ሰው አጎንብሶ በጣቱ እየተከተለ ለማንበብ ይሞክር ነበር፤ የዞኑን መስመር መሻገር አለመሻገራችን ሳይገባው መውረጃው ደርሶ ሒሳቡን ስነግረው ፊቱ ላይ የማየውን ጥርጣሬ አልረሳውም። አንዲት ሳንቲም ሳልጨምር እንደ ሌባ የታየሁባቸው ቀናት ጥቂት አልነበሩም። አሁን ቁጥሩ ለሁለታችንም እኩል ይታያል፤ ንትርኩም ቀርቷል።

የእኔ ቅሬታ በአደራረጉ ላይ ነው። አብዛኞቻችን በገዛ መኪናችን የምንሠራ እንደመሆናችን ሜትሩንም የገዛነው ከኪሳችን ነው። መነሻው 3 ዶላር ተብሎ ሲወሰን፣ ከከተማዋ ጫፍ እስከ ጫፍ ብንነዳ እንኳ ከ18 ዶላር ከ90 ሳንቲም እንዳያልፍ ጣሪያ ተበጀለት። በዚያው ክረምት ቤንዚን በጋሎን ከ4 ዶላር በላይ ወጣ፤ የ1 ዶላር የነዳጅ ጭማሪ ቢፈቀድልንም ጉዳቱን አልሸፈነውም። ጥቂት ቆይቶ በሴፕቴምበር ትልቁ ባንክ ሌማን ብራዘርስ ከሰረና ቀውሱ በአገሩ ሁሉ ተዛመተ። ለዚህ ከንቲባውን አልወቅሳቸውም፤ ዎል ስትሪትን የሚያስተዳድሩት እሳቸው አይደሉም። የምጠይቀው፣ ይህን የመሰለ ለውጥ ቤተሰቡን በቀን ገቢ በሚያስተዳድር ሰው ላይ ሲያመጡ ሰውየውን አስቀድሞ ቁጭ አድርጎ ማነጋገር ለምን እንደከበዳቸው ነው።

ችግሩ ምን ያህል እንደዘለቀ ታክሲ ውስጥ ይታያል። ባለፈው ሰኔ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከነአስቤዛቸው ወደ አናኮስቲያ ስወስዳቸው ዓይናቸው ከሜትሩ አልተነሣም፤ ድልድዩን ተሻግረን ጥቂት እንደሄድን «እዚህ ይበቃኛል» አሉኝ። ቤታቸው ገና ዳገቱ ላይ ነበር። ሜትሩን አጥፍቼ ላድርስዎት ብላቸው «አንተም የምታበላቸው ልጆች አሉህ» ብለው ሦስቱን ፌስታል በሁለት እጃቸው ይዘው ወረዱ። ከወንዙ ማዶ ባሉት የከተማዋ ወረዳዎች፣ በዋርድ 7 እና በዋርድ 8፣ ሥራ አጥነቱ ከከተማዋ ሁሉ የከፋ መሆኑን በዜና ከሰማሁት ይልቅ በዚያች ቅጽበት ነው የተረዳሁት።

ከንቲባው ሥራ አልሠሩም ማለት ሐሰት ነው። በ2009 በከተማዋ የተፈጸመው የነፍስ ግድያ ከ150 በታች ሆኖ ከ1960ዎቹ ወዲህ ዝቅተኛው ተብሏል፤ በሌሊት ለሚነዳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የታደሱት ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍትም በዓይን የሚታዩ ናቸው። ይሁን እንጂ በ2006 በ142ቱም የምርጫ ጣቢያዎች አሸንፈው የገቡ ሰው ዛሬ በብርቱ ተቀናቃኝ የተያዙበት ምክንያት አለው። በትምህርት ኃላፊዋ በሚሼል ሪ ዘመን፣ በአንድ ክረምት ከ900 በላይ አዲስ መምህራን ተቀጥረው፣ ትምህርት በተጀመረ በጥቂት ሳምንት፣ በኦክቶበር 2009፣ በጀት ጎደለ ተብሎ 266 መምህራን ተቀነሱ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባለፈው ሚያዝያ ያረፉት የሲቪል መብት ታጋይዋ ዶሮቲ ሃይት ከገጣሚዋ ከማያ አንጀሉ ጋር ሆነው ከንቲባውን ሊያነጋግሩ ጠይቀው ቀጠሮ አለማግኘታቸውም ተዘግቧል። እነሱ ያላገኙትን ሰሚ ጆሮ የታክሲ ሾፌር ከየት ያገኘዋል?

ስለዚህ እኔ ድምፄን ለተቀናቃኛቸው፣ ለከተማዋ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ለቪንሰንት ግሬይ እሰጣለሁ። ይህን ስል ግን እሳቸውንም ያለ ጥያቄ አላልፍም። ላለፉት ሦስት ዓመታት በጀቱን ያጸደቀው እሳቸው የሚመሩት አሥራ ሦስት አባላት ያሉት ምክር ቤት ነው፤ ገቢው ሲቀንስ ከየትኛው አገልግሎት ተቀነሰ ቢባል የእሳቸውም ድምፅ አለበት። ሰው ያዳምጣሉ መባሉ መልካም ነው፤ አዳምጠው ምን እንደሚወስኑ ግን ከምርጫው በፊት ሊነግሩን ይገባል።

ይህን ለመጠየቅ ቋንቋ አይገድበንም። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ካካተታቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። የሚገድበን የቁጥራችን ማነስ ነው፤ ብዙዎቻችን ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ስለምንኖር፣ ሌሎቻችንም ዜግነት ስላላገኘን፣ እዚህ መምረጥ የምንችለው በጣም ጥቂት ነን። በዚህ ዓመት ያልተመዘገበ ሰው በምርጫው ዕለት ጣቢያው ላይ ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል፤ ይህ ከዚህ በፊት አልነበረም። ተራ መጠበቂያው ላይ እንጣለው እያሉ የሚማሉ ወንድሞቼ የነዋሪነት ማስረጃቸውን ይዘው ቢወጡ መልካም ነው።

እርስዎንም አንድ ነገር እለምናለሁ። የዝግጅት ክፍላችሁ ለሁለቱም ተወዳዳሪዎች ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ ይላክልን፦ የታክሲ ታሪፍ ከመቀየሩ በፊት ሾፌሮቹን በአማርኛ አስተርጓሚ ለማነጋገር ፈቃደኛ ናቸው ወይ? በጀቱ ዳግም ቢጎድልስ መጀመሪያ የሚቀነሰው ከየትኛው ሥራ ላይ ነው? መልሳቸው፣ መልስ ካልሰጡም አለመስጠታቸው፣ ለእንቁጣጣሽ በምታወጡት እትም ላይ ቢታተም ከማክሰኞ በፊት አንብበነው እንወጣለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የታክሲ ሾፌር፣ ከዋሽንግተን ዲሲ